ፕሮግራሙ ከምን ዓይነት ድራይቭ ላይ እየሠራ እንደሆነ ለመለየት የትኛው ዘዴ ይመረጣል?

በመሀል አዲስ አበባ ለሱቆች፣ ለፋርማሲዎችና ለሒሳብ ቢሮዎች አነስተኛ ፕሮግራም የሚሠራ ባለሙያ፣ ሥራው የት ተቀምጦ እንደሚከፈት አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። ፒያሳ ያለ ሱቅ የዕቃ መቆጣጠሪያውን ኮምፒውተሩ ላይ ይጭነዋል፤ ከደንበኛ ደንበኛ የሚዘዋወር የሒሳብ ባለሙያ ፕሮግራሙንም መዝገቡንም በአንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይዞ ይዞራል፤ ሜክሲኮ አካባቢ ያለ ቢሮ ሰርቨር ላይ ሼር በተደረገ ፎልደር አስቀምጦ ሠራተኞቹ ሁሉ ከዚያው እንዲከፍቱት ያደርጋል፤ አራት ኪሎ ኮፒ ቤት የገባ ተማሪ ደግሞ ፍላሹን ሰክቶ እዚያው ከፍላሹ ላይ ያስነሳዋል። ለእያንዳንዳቸው የሚበጀው አሠራር ስለሚለያይ፣ ፕሮግራሙ ሲነሣ ያለበትን ድራይቭ ዓይነት ለይቶ ራሱን እንዲያስተካክል መፈለግ ተገቢ ነው።

ይህን የሚለዩ ዘዴዎች በርካታ ናቸው፤ መልሳቸው ግን አንድ አይደለም። አንድ 1 ቴራባይት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ዊንዶውስ ባለው ላፕቶፕ ላይ ተሰክቶ በሦስት መንገድ ቢጠየቅ፣ የመጀመሪያው «3» ብሎ ይመልሳል፣ ቋሚ ዲስክ ነው ማለቱ ነው፤ ሁለተኛው «7» ይላል፣ በዩኤስቢ የተገናኘ ነው ማለቱ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ዲስኩ በተቀመጠበት ኬዝ ውስጥ እንዳለው ቺፕ አንዳንዴ «ዩኤስቢ»፣ አንዳንዴ «ስካዚ» (ሌላ የዲስክ ማገናኛ ዘዴ) የሚል ጽሑፍ ያወጣል። ሦስቱም አልዋሹም፤ እያንዳንዱ የመለሰው የራሱን ጥያቄ ነው። ከዘዴዎቹ በፊት ጥያቄዎቹን መለየት የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

መለኪያዎቹ

ዋናው መለኪያ ዘዴው የትኛውን ጥያቄ እንደሚመልስ ነው። «የድራይቭ ዓይነት» በሚለው ሥር ቢያንስ አምስት ጥያቄዎች አሉ፦ ድራይቩ በሥራ መሀል ሊነቀል ይችላል ወይ? የተገናኘው በምንድን ነው፣ በዩኤስቢ፣ በሳታ ወይስ በኤንቪኤምኢ (ሁለቱም በአብዛኛው የውስጥ ዲስክ ማገናኛዎች ናቸው)? የሚሽከረከር ዲስክ ነው ወይስ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚንቀሳቀስ ክፍል የሌለው ማከማቻ? ያለው እዚሁ ኮምፒውተር ላይ ነው ወይስ በኔትዎርክ ማዶ? ይጻፍበታል ወይ? የአንዱ መልስ የሌላውን አያስከትልም። በዩኤስቢ የተሰካ ኤስኤስዲ ይነቀላል፣ አይሽከረከርም፣ ፈጣንም ነው፤ በአሮጌ ዴስክቶፕ ውስጥ የተገጠመ ሃርድ ዲስክ አይነቀልም፣ ይሽከረከራል፣ ዘገምተኛም ነው።

ሁለተኛው መለኪያ ፈቃድ ነው፤ የአድሚኒስትሬተር ፈቃድ የሚጠይቅ ዘዴ የቢሮ ሠራተኛ በራሱ መግቢያ ለሚከፍተው ፕሮግራም አይሆንም። ሦስተኛው የሚሠራበት የዊንዶውስ ወይም የሊኑክስ ዘመን፣ አራተኛው የሚፈጀው የሥራ ጊዜ ነው። አምስተኛውና እኔ ከሁሉም በላይ ክብደት የምሰጠው፣ ዘዴው ሳያውቅ ሲቀር «አላውቅም» ማለቱን ወይም በልበ ሙሉነት የተሳሳተ መልስ መስጠቱን ነው። ኤረር የሚመልስ ዘዴ ለፕሮግራሙ አማራጭ መንገድ ያስቀርለታል፤ ዝም ብሎ የሚሳሳት ግን የደንበኛ መዝገብ ከተበላሸ በኋላ ካልሆነ አይታወቅም።

ከሁሉ አስቀድሞ የፕሮግራሙ ትክክለኛ አድራሻ

የትኛውም ዘዴ ቢመረጥ የሚጠየቀው ስለ አንድ አድራሻ ነው፤ ብዙ ሰውም የሚሳሳተው በዘዴው ምርጫ ሳይደርስ እዚህ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ሲነሣ የሚያገኘው የሥራ ፎልደር ፋይሉ ያለበት ፎልደር ላይሆን ይችላል። ፍላሽ ላይ ላለ ፕሮግራም ዴስክቶፕ ላይ ሾርትከት የሠራ ሰው የመነሻ ፎልደሩን «ሲ» ድራይቭ ላይ ካደረገው፣ የሥራ ፎልደሩን የሚጠይቅ ኮድ ስለ «ሲ» ድራይቭ መልስ አግኝቶ ይቀጥላል። ስለዚህ በዊንዶውስ ላይ መጠየቅ ያለበት «ጌት ሞጁል ፋይል ኔም» የተባለው ፋንክሽን ነው፤ በማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሥሪያ በዶትኔት 6 እና ከዚያ በኋላ ባሉት ደግሞ «ኢንቫይሮንመንት» ሥር ያለው «ፕሮሰስ ፓዝ» ይህንኑ ይሰጣል።

በአንድ ፋይል ተጠቅልለው የሚሰጡ ፕሮግራሞች የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። በፓይተን ተጽፎ በፓይኢንስቶለር በአንድ ፋይል የተጠቀለለ ፕሮግራም ሲነሣ ራሱን ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ይዘረግፋል፤ ያ ፎልደር አብዛኛውን ጊዜ «ሲ» ድራይቭ ላይ ስለሆነ፣ የኮዱን አድራሻ የጠየቀ ሰው ፕሮግራሙ ከፍላሽ መነሣቱን ፈጽሞ አያይም። መጠየቅ ያለበት የተጠቀለለው ፋይል ራሱ ያለበት ነው። በአንድ ፋይል የተዘጋጀ የዶትኔት ፕሮግራም የአሴምብሊውን (የተቀናበረ የኮድ ፋይሉን) አድራሻ ቢጠይቅ ባዶ ጽሑፍ ይመለስለታል። በጃቫ ደግሞ የሚገኘው አድራሻ የጃቫ ማስነሻው እንዳይሆን የጃር ፋይሉን ቦታ ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በቴሌግራም የተላከን ዚፕ ሳያራግፉ እዚያው ውስጡ ድርብ ክሊክ ማድረግ በከተማችን የተለመደ ነው። በዚህ ጊዜ ፕሮግራሙ በእርግጥም ከጊዜያዊ ፎልደር ላይ ነው የሚሠራው፤ የድራይቭ ዓይነት ምርመራው ትክክለኛ መልስ ቢሰጥም አጠገቡ የተጻፈው መዝገብ በነጋታው ላይገኝ ይችላል። አድራሻው በዊንዶውስ ጊዜያዊ ፎልደር ሥር ከሆነ፣ ስለ ድራይቩ ከመጨነቅ በፊት ተጠቃሚውን «መጀመሪያ ዚፑን ያራግፉ» ማለት ይበልጣል።

ከአድራሻው የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ ቆርጦ መውሰድም አያስተማምንም። አንድ ዲስክ እንደ ፎልደር ሊገጠም ይችላል፤ የኔትዎርክ አድራሻም ያለ ድራይቭ ፊደል፣ በሰርቨሩ ስም ሊጀምር ይችላል። «ጌት ቮሊዩም ፓዝ ኔም» አድራሻው በእርግጥ የሚገኝበትን ቮሊዩም (ራሱን ችሎ የተዘጋጀ የማከማቻ ክፍል) ሥር ስለሚመልስ ቀጣዩ ጥያቄ መቅረብ ያለበት በእርሱ ውጤት ላይ ነው።

አንደኛ አማራጭ፦ «ጌት ድራይቭ ታይፕ»

አብዛኛው ሰው የሚጀምረው በዚህ የዊንዶውስ ፋንክሽን ነው፤ መጀመሩም ትክክል ነው። ከ0 እስከ 6 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ይመልሳል፦ 0 ያልታወቀ፣ 1 በአድራሻው ምንም ቮሊዩም የሌለ፣ 2 ተንቀሳቃሽ፣ 3 ቋሚ፣ 4 ኔትዎርክ፣ 5 ሲዲ ወይም ዲቪዲ፣ 6 ራም ዲስክ። ልዩ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ኮዱ አንድ መስመር ነው፣ በአሮጌም በአዲስም ዊንዶውስ ላይ ይሠራል። የዶትኔቱ «ድራይቭ ኢንፎ» እና በፓይተን «ፒኤስዩቲል» በዊንዶውስ ላይ የሚሰጡት መረጃም የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ ስለዚህ በቋንቋ ለውጥ የተሻለ መልስ አይገኝም።

ኔትዎርክንና ሲዲን ለመለየት ከዚህ በላይ መሄድ አያስፈልግም። ችግሩ ያለው 2 እና 3 ላይ ነው። ዊንዶውስ ዩኤስቢ ላይ የተሰካን ዕቃ «ተንቀሳቃሽ» የሚለው፣ ዕቃው ራሱ ሲጠየቅ «በውስጤ ያለው ማከማቻ ከእኔ ተለይቶ ሊወጣ ይችላል» የሚል ምልክት ስለሚሰጥ ነው። ይህ ምልክት የተሠራው ለፍሎፒና ለመሰል ዕቃዎች ነበር። ፍላሽ ዲስኮች በልማድ ምልክቱን ስለሚያበሩ 2 ይባላሉ፤ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ግን ከኬዙ የሚወጣ ነገር የለውምና ምልክቱን አያበራም፣ ስለዚህ 3 ይባላል፤ ገመዱ በማንኛውም ደቂቃ ሊነቀል መቻሉ ከቁጥር አይገባም። ፍላሽ ሆነው ሳሉ ራሳቸውን ቋሚ ብለው የሚያቀርቡም አሉ፤ ዊንዶውስን ከዩኤስቢ ላይ ለማስነሣት ተብለው የተመሠከረላቸው ፍላሾች እንዲህ ያሉ ነበሩ። በአንጻሩ ካርድ ያልገባበት የካርድ ሪደር ማስገቢያ የራሱ ፊደል ይዞ 2 እየተባለ ይቀመጣል፤ ውስጡን ለማየት የሞከረ ፕሮግራም ግን ኤረር ይገጥመዋል።

ሌላው መታወቅ ያለበት፣ የድራይቭ ፊደል የተሰጠው የኔትዎርክ ፎልደር በተጠቃሚው መደበኛ መግቢያ ውስጥ ብቻ የሚታይ መሆኑ ነው። ያው ሰው ፕሮግራሙን በአድሚኒስትሬተር ፈቃድ ቢያስነሣው ፊደሉ ለዚያ ፕሮግራም ስለማይታይ ከ4 ይልቅ 1 ይመጣል። በቢሮ ውስጥ «ትናንት ይሠራ ነበር» የሚያሰኘው ሁኔታ አንዱ ይኸው ነው።

በመጨረሻው መለኪያ ስንመዝነው ይህ ዘዴ ዝም ብሎ ከሚሳሳቱት ወገን ነው። ለኤክስተርናሉ 3 ሲል አንዳች የጥርጣሬ ምልክት አያሳይም።

ሁለተኛ አማራጭ፦ ዲስኩን በቀጥታ መጠየቅ

ዊንዶውስ «ስቶሬጅ ኩዌሪ ፕሮፐርቲ» በተባለ የመቆጣጠሪያ ጥያቄ የዲስኩን ዝርዝር ይሰጣል። ብዙዎች የአድሚኒስትሬተር ፈቃድ ይጠይቃል ብለው ይተዉታል፤ ሆኖም ቮሊዩሙ ሲከፈት የማንበብም የመጻፍም መብት ሳይጠየቅ፣ የመብቱ ቦታ 0 ተደርጎ ከተከፈተ፣ ለዚህ ጥያቄ ተራ ተጠቃሚም መልስ ያገኛል። ለማንበብ ብሎ የከፈተው ግን «ፈቃድ የለም» ይባላል፤ የተሳሳተው ወሬ የመጣውም ከዚህ ይመስለኛል።

ከሚሰጣቸው መረጃዎች የመጀመሪያው ግንኙነቱ ነው፦ 7 ዩኤስቢ፣ 11 ሳታ፣ 12 ኤስዲ ካርድ፣ 13 በርካሽ ላፕቶፖች ላይ የሚሸጠው ኢኤምኤምሲ፣ 17 ኤንቪኤምኢ። በመጀመሪያው አማራጭ 3 የተባለው ኤክስተርናል ዲስክ እዚህ 7 ሲባል ጉዳዩ ይጠራል፤ ቋሚ የተባለ ግን በዩኤስቢ የተሰካ፣ ማለትም ሊነቀል የሚችል ነው። ሁለተኛው መረጃ ዲስኩ ከቦታ ቦታ ለመሄድ ጊዜ የሚያባክን መሆን አለመሆኑ ነው፤ «አዎ» ከሆነ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነው፣ «አይደለም» ከሆነ ኤስኤስዲ ነው። ይህ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ከወጣው ዊንዶውስ 7 ጋር ስለሆነ ዛሬ ባሉት ኮምፒውተሮች ላይ ሁሉ ይገኛል ማለት ይቻላል።

ጉድለቶቹን በግልጽ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በዩኤስቢ በተሰኩ ዲስኮች ላይ የመሽከርከር ጥያቄው ብዙ ጊዜ ኤረር ይመልሳል፤ በኬዙ ውስጥ ያለው ቺፕ ጥያቄውን ወደ ዲስኩ ስለማያሳልፍ። አንዳንድ ላፕቶፖች ከፋብሪካ ሲወጡ ዲስካቸው በሬይድ (ዲስኮችን አጣምሮ በሚያስተዳድር) አሠራር ስለሚዋቀር፣ ኤንቪኤምኢ የሆነው ዲስክ 17 መባሉ ቀርቶ 8፣ ማለትም ሬይድ ይባላል። በፋይል ውስጥ የተሠራ ምናባዊ ዲስክ 15 ይባላል፤ ያ ፋይል ራሱ ፍላሽ ላይ ሊሆን እንደሚችል ግን አይናገርም። የኔትዎርክ ድራይቭ ደግሞ ጥያቄውን አይቀበልም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው አማራጭ 4 ካለ እዚያው ማቆም ነው።

ከግንኙነቱ ይልቅ «ይነቀላል ወይ» የሚለውን በቀጥታ ለሚፈልግ፣ የዊንዶውስ የዕቃ መዝገብ ለእያንዳንዱ ዕቃ የመነቀል ሁኔታ ይይዛል፦ 1 አይነቀልም፣ 2 በሥርዓት ይነቀላል፣ 3 በድንገት ሊነቀል ይችላል። ይህ ከሁሉም ይበልጥ ለጥያቄው የቀረበ መልስ ነው፤ ኮዱ ግን ረጅም ነው፣ ከቮሊዩሙ ወደ ዲስክ ቁጥሩ፣ ከዲስክ ቁጥሩ ወደ ዕቃ መዝገቡ መሻገር ይጠይቃል። ግማሽ ቀን መመደብ ለሚችል ይገባዋል፤ ለማይችል ግንኙነቱን ማየት ይበቃል።

ሦስተኛ አማራጭ፦ ዳብሊው ኤም አይ እና ፓወርሼል

ዳብሊው ኤም አይ ዊንዶውስ ስለ ኮምፒውተሩ መረጃ የሚሰጥበት አገልግሎት ነው፤ ፓወርሼል ደግሞ የዊንዶውስ የትዕዛዝ መስኮት ነው። በዚህ መንገድ ሁሉም መረጃ በሚነበብ ስም ይገኛል። በፓወርሼል «ጌት ፊዚካል ዲስክ» የሚለው ትዕዛዝ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ የዲስኩን ዓይነት ሃርድ ዲስክ ወይም ኤስኤስዲ ብሎ በግልጽ ያሳያል፤ ለዩኤስቢ ዲስኮችና ለምናባዊ ኮምፒውተሮች ግን ብዙ ጊዜ «ያልተገለጸ» ይላል፤ ይህን አለማፈሩን እወድለታለሁ። አሮጌው «ዊን32 ዲስክ ድራይቭ» በአንጻሩ የግንኙነት ስሙ አያስተማምንም፤ ሳታውን «አይዲኢ»፣ ፈጣኑን የዩኤስቢ ኬዝ ደግሞ «ስካዚ» ይለዋል። ከድራይቭ ፊደል ወደ ዲስኩ ለመድረስም በሁለት የማያያዣ ሰንጠረዦች ማለፍ ግድ ነው።

በቢሮ ውስጥ የብዙ ኮምፒውተሮችን ሁኔታ ለሚመዘግብ የአይቲ ሠራተኛ ይህ የተሻለው መንገድ ነው። ራሱን ለሚመረምር ፕሮግራም ግን አልመክረውም፤ አገልግሎቱ ለመነሣት ጊዜ ይወስዳል፣ ባረጁ ኮምፒውተሮች ላይ መዝገቡ ተበላሽቶ የሚገኝበት ጊዜም አለ። በተለይ «ዳብሊው ኤም አይ ሲ» የተባለውን የትዕዛዝ መስመር መሣሪያ እየጠሩ ጽሑፉን ማንበብ መተው አለበት፤ ማይክሮሶፍት መሣሪያውን ጡረታ አውጥቶታል፣ በአዳዲስ ዊንዶውሶች ላይም ላይገኝ ይችላል።

ሊኑክስና ማክ

በሊኑክስ መንገዱ ንጹሕ ነው። ሊኑክስ ስለሚሠሩ ፕሮግራሞች መረጃ በሚያቀርብበት «ፕሮክ» በተባለ ፎልደር ሥር ያለው የራስ አድራሻ ማያያዣ የፕሮግራሙን ትክክለኛ ፋይል ያሳያል፤ የዚያ ፋይል የዕቃ ቁጥር፣ ለምሳሌ 8፡17፣ «ሲስ» ሥር ባለው የብሎክ ዕቃዎች ፎልደር ውስጥ ይፈለጋል። «ሮቴሽናል» የሚለው ፋይል 1 ካለ ይሽከረከራል፣ 0 ካለ አይሽከረከርም። 8፡17 ፓርቲሽን (የዲስኩ አንድ ክፍልፋይ) ስለሆነ ግን ፋይሉ በእርሱ ውስጥ የለም፤ አንድ ደረጃ ወደ ላይ፣ ወደ ዋናው ዲስክ ፎልደር መውጣት ያስፈልጋል። የዩኤስቢ ፍላሾች አንዳች የሚሽከረከር ነገር ሳይኖራቸው 1 ተብለው የሚገኙበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ዕቃው መልስ ካልሰጠ ሊኑክስ ይሽከረከራል ብሎ ስለሚነሣ። «ሪሙቨብል» የሚለው ፋይልም የዊንዶውሱን ችግር ይወርሳል፣ ለኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ 0 ይላል። የተሻለው፣ የዕቃው ሙሉ አድራሻ ውስጥ «ዩኤስቢ» የሚል መኖሩን ማየት ነው። በኮንቴይነር ወይም በቢቲአርኤፍኤስ ፋይል ሲስተም ላይ የዕቃ ቁጥሩ በ0 ስለሚጀምር ፍለጋው ባዶ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የትኛው ዲስክ የት እንደተገጠመ የሚያሳየውን የማውንት ዝርዝር ማንበብ ነው።

ማክ ላይ «ዲስክ አርቢትሬሽን» የተባለው ክፍል ዕቃው ውስጣዊ መሆኑን፣ በምን እንደተገናኘና ማከማቻው የሚወጣ መሆኑን ለየብቻው ይመልሳል። ጥያቄዎቹን ሳያደባልቅ ስለሚለይ ከሦስቱ ሲስተሞች የተሻለ የተሠራው እርሱ ነው።

አራተኛ አማራጭ፦ ፍጥነቱን መለካት

በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ አንድ ዙር ለመጨረስ 8.3 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ የሚፈለገው ቦታ እስኪደርስለት በአማካይ ከ4 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይጠብቃል፣ የክንዱ ጉዞ ሳይታሰብ። ኤስኤስዲ ይህን በሚሊ ሰከንድ ክፍልፋይ ይጨርሳል። ልዩነቱ ሰፊ በመሆኑ ከፋይሉ የተለያየ ቦታ ጥቂት ጥቂት ማንበብና ጊዜውን መያዝ በዩኤስቢ ኬዝ ውስጥ ያለውን ዲስክ እንኳ ይለያል።

ነገር ግን ዊንዶውስ በቅርቡ ያነበበውን በራም ስለሚያስቀምጥ፣ ያለ ካሽ (ያለዚህ የራም ቅጂ) የማንበብ ምልክት ካልተሰጠ የሚለካው ራም ነው። ጸረ ቫይረሱ በዚያው ሰዓት ፍላሹን እየፈተሸ ከሆነ፣ ወይም ዲስኩ ተኝቶ እየነቃ ከሆነ ውጤቱ ይዛባል። ፍላሽ ደግሞ ሲነበብ ፈጠን ብሎ ሲጻፍበት ሊንቀራፈፍ ስለሚችል፣ ማንበብን ለክቶ ስለ መጻፍ መደምደም አይቻልም። ሌላው ሁሉ ኤረር ሲመልስ ብቻ የሚኬድበት መንገድ አድርጎ መያዝ ይሻላል።

አምስተኛ አማራጭ፦ ዓይነቱን ትቶ የሚፈለገውን መጠየቅ

ይህን በብዙ ሥራዎች ላይ አስቀድማለሁ። ፕሮግራሙ «ፍላሽ ላይ ከሆንኩ መዝገቤን አጠገቤ ላስቀምጥ» የሚል ከሆነ፣ የሚፈልገው የተጠቃሚውን ሐሳብ ማወቅ ነው፤ ሐሳብ ደግሞ ከድራይቭ አይነበብም። ቪኤስ ኮድ በዚፕ ሲራገፍ አጠገቡ «ዳታ» የሚባል ፎልደር ካገኘ ቅንብሩን ሁሉ እዚያ ያስቀምጣል፣ ካላገኘ የተለመደውን ቦታ ይጠቀማል። ኤክስተርናል ይሁን ፍላሽ፣ ኔትዎርክ ይሁን «ዲ» ድራይቭ ለውጥ የለውም።

«ይጻፍበታል ወይ» ለሚለውም ትንሽ ፋይል ፈጥሮ መሰረዝ ከማንኛውም ምርመራ ይበልጣል፤ የተቆለፈ ኤስዲ ካርድ፣ ሲዲ፣ ለማንበብ ብቻ የተፈቀደ የሰርቨር ፎልደር ሁሉም በአንድ ሙከራ ይታወቃሉ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የፈቃድ ደረጃውን የሚገልጽ ማኒፌስት የሌለው ባለ32 ቢት ፕሮግራም «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ ሲጽፍ፣ ዊንዶውስ ጽሑፉን በስውር ወደ ተጠቃሚው የግል ፎልደር ያዞረዋል፤ ሙከራው የተሳካ ይመስላል፣ መዝገቡ ግን ሌላ ቦታ ነው። በሁለት መግቢያ የሚጠቀም ሱቅ ሁለት የተለያየ መዝገብ ይዞ ይገኛል። ማኒፌስት መጨመር ይህን ያስቀረዋል።

ፍላሹ በሥራ መሀል ከተነቀለ ፕሮግራሙ ራሱ እንዳይወድቅ ለሚፈልግም ያለ ምርመራ የሚሠራ መፍትሔ አለ። ዊንዶውስ የፕሮግራሙን ኮድ ሁሉ በአንዴ አያነብም፤ ያልተነበበው ክፍል ሲፈለግ ፍላሹ ከሌለ ፕሮግራሙ ይዘጋል። ኮዱን አያይዞ የፕሮግራም ፋይል በሚያወጣው ሊንከር ላይ «ስዋፕ ረን» የተባለውን ምርጫ ማብራት፣ ፋይሉ ተንቀሳቃሽ ከተባለ ድራይቭ ወይም ከኔትዎርክ ሲነሣ አስቀድሞ ወደ ስዋፕ (ዊንዶውስ ለራም ማስፋፊያ ወደሚጠቀምበት የዲስክ ቦታ) እንዲገለበጥ ያዛል። ለእያንዳንዱ ዲኤልኤል (ፕሮግራሙ ለሚጠራው ተጨማሪ የኮድ ፋይል) ለየብቻው መብራት አለበት፤ 3 ለተባለው ኤክስተርናል ግን አይደርስለትም።

ሰንጠረዥ

| ዘዴ | በደንብ የሚመልሰው | የማይመልሰው | ፈቃድ | ሥራው | ሳያውቅ ሲቀር |
|---|---|---|---|---|---|
| ጌት ድራይቭ ታይፕ | ኔትዎርክ፣ ሲዲ | ኤክስተርናል ዲስክ፣ ኤስኤስዲ | ተራ | አንድ መስመር | ዝም ብሎ ይሳሳታል |
| ዲስኩን መጠየቅ | ግንኙነት፣ የውስጥ ኤስኤስዲ | ኔትዎርክ፣ በሬይድ የተሸፈነ ዲስክ | ተራ፣ በ0 መብት ከተከፈተ | ከ50 እስከ 100 መስመር | ብዙ ጊዜ ኤረር ይመልሳል |
| የዕቃ መዝገብ | ሊነቀል መቻሉን | ፍጥነት | ተራ | ግማሽ ቀን | ኤረር ይመልሳል |
| ፓወርሼል | ሃርድ ዲስክ ወይም ኤስኤስዲ | የዩኤስቢ ዲስኮች | እንደ ቢሮው ሕግ | ጥቂት መስመር | «ያልተገለጸ» ይላል |
| ሊኑክስ «ሲስ» | ግንኙነት፣ የውስጥ ዲስክ ዓይነት | የዩኤስቢ ፍላሽ መሽከርከር | ተራ | ጥቂት መስመር | ለፍላሽ ይሳሳታል |
| ፍጥነት መለካት | በኬዝ ውስጥ ያለ ዲስክ | መነቀል፣ የመጻፍ ፍጥነት | ተራ | መካከለኛ | ይዋዥቃል |
| በቀጥታ መሞከር | መጻፍ መቻሉን፣ የተጠቃሚውን ሐሳብ | የዕቃውን ዓይነት | ተራ | በጣም ትንሽ | ኤረር ይመልሳል |

ለማን የትኛው ይስማማል?

ለአንድ ሱቅ ወይም ፋርማሲ ብቻውን የሚሠራና ክፍያውም ውስን የሆነ ባለሙያ፣ የመጻፍ ሙከራውንና «ጌት ድራይቭ ታይፕ»ን አጣምሮ ይጠቀም። ከመጀመሪያው የመዝገቡን ቦታ፣ ከሁለተኛው ደግሞ 4 መምጣት አለመምጣቱን ብቻ ይውሰድ፤ 2 እና 3ን አይመን። 4 ከመጣ የሚወስነው ከባድ ነገር ነው፤ ለምሳሌ ኤስኪውላይት የተባለውን በፋይል የሚቀመጥ ዳታቤዝ የሚጠቀም ከሆነ «ዋል» የተባለው የመጻፊያ አሠራሩ የጋራ ራም ስለሚፈልግ በኔትዎርክ ፋይል ሲስተም ላይ አይሠራም፣ ስለዚህ ወደ ተለመደው የጆርናል አሠራር መመለስ ወይም ሰርቨር ያለው ዳታቤዝ መምረጥ ግድ ይሆናል።

በኤክስተርናል ዲስክ መዝገብ ይዘው ለሚዞሩ የሒሳብ ባለሙያዎች የሚዘጋጅ ፕሮግራም ግን የግንኙነቱን ቁጥር መጠየቅ አለበት። 7 ከሆነ እያንዳንዱን ግብይት ወዲያውኑ ወደ ዲስኩ ማስወረድ፣ በመስኮቱ ጥግም «ሳይዘጉ አይንቀሉ» የሚል ማሳሰቢያ ማኖር ይገባል። ዊንዶውስ 10 ከ1809 እትም ጀምሮ ለውጭ ዲስኮች በፍጥነት የመንቀል አሠራርን መነሻ ስላደረገው አደጋው ቀንሷል፤ በመጻፍ መሀል የተነቀለን ዲስክ ግን ይህ አያድነውም። የመጠባበቂያ ፋይሉ የሚያድግ ከሆነ የፋይል ሲስተሙንም ስም አብሮ መጠየቅ ነው፤ ፋት32 ላይ አንድ ፋይል 4 ጊጋባይት አይሞላም።

የቪዲዮና የፎቶ ሥራ ፕሮግራም የሚሠሩ፣ ማለትም ፍጥነት የሚያሳስባቸው፣ የመሽከርከር ጥያቄውን ይጠይቁ፤ ኤረር ከመለሰ ሃርድ ዲስክ እንደሆነ ቆጥረው ይቀጥሉ። ኤስኤስዲን እንደ ሃርድ ዲስክ መያዝ ጥቂት ፍጥነት ያስቀራል፤ ሃርድ ዲስክን እንደ ኤስኤስዲ ቆጥሮ በብዙ ክሮች (ትሬዶች) በአንድ ጊዜ ማንበብ ግን ክንዱን ከወዲያ ወዲህ እያሯሯጠ ሥራውን ሊያቆመው ይደርሳል።

ፕሮግራሙ እንዳይባዛ ብለው ከፍላሽ እንዳይነሣ ማገድ የሚፈልጉም ይኖራሉ። የድራይቭ ዓይነት ለዚህ አይሆንም፤ ያው ፋይል ኤክስተርናል ላይ ሲቀመጥ 3 ተብሎ ያልፋል፣ በሕጋዊ መንገድ ገዝቶ ፍላሽ ላይ ያስቀመጠው ደንበኛ ግን ይከለከላል።

ለሙከራ የሚሆኑ ዕቃዎችን ማሰባሰብ ብዙ ወጪ አያስወጣም፦ አንድ ፍላሽ፣ አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ፣ በዩኤስቢ ኬዝ የገባ ኤስኤስዲ፣ ባዶ ካርድ ሪደር እና ከሌላ ኮምፒውተር ሼር የተደረገ ፎልደር ይበቃሉ። የኔትዎርኩ ፎልደር ሁለት ጊዜ ይሞከር፤ አንዴ በመደበኛ መግቢያ፣ አንዴ ደግሞ በአድሚኒስትሬተር ፈቃድ ተነሥቶ።